ቤት ትምህርት

ኾበር፣ አል ዐዚዚያ
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ለእትዬ ዓቢዳ፣

የአላህ ሰላም ከደጃችሁ እስከ ጓዳችሁ ይድረስ። እዚህ አገር አሸዋ ብዙ ነው፤ ሰላምታዬን በእሱ ልክ ቁጠሩልኝ። ወንድሜን አያ ኑህንም መንገዱ ሁሉ ይቅናው።

አልሐምዱሊላህ፣ ደርሻለሁ። ኢቃማዬም፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወጥቷል፤ የሚያስቀምጠው ግን ካፊሌ፣ ያስመጣኝ አሠሪዬ ነው። ካፊሌ የዚህ አገር ሰው ነው፤ ዳህራን፣ ዘይት ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። እንደ አገሩ ደንብ ባባ እለዋለሁ። ሚስቱ ፈረንጅ ናት፤ እሷን ማዳም። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ሊን ሰባት ዓመቷ ነው፣ ፋሪስ አምስት። ቶፊ የሚባል ውሻም አለ። የሚተኛው ሳሎን ነው።

የሚገርመው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይሄዱም። ማዳም ትምህርት ቤት ልጅ ያበላሻል ትላለች። ጠዋት የቁርሱን ሰሃን አንስቼ ጠረጴዛውን ስወለውል እዚያው ላይ ደብተር ይዘረጋል፤ ራሷ ታስተምራቸዋለች። ትምህርት ቤት ሳይሆን ቤት ትምህርት በይው። ትልልቅ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ነው መሰለኝ። እሷ ስታስተምር እኔ ምግቡን፣ ልብሱን፣ ወለሉን እይዛለሁ። እሷን ሲደክማት ልጆቹንም ውሻውንም።

እትዬ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ልጄን ሁመይራን ከትምህርት ቤት አታስቀሪብኝ። አንደኛ ትውጣ አልልም፤ ትሂድ ብቻ። አባቷ ከሞተ ወዲህ የተሰደድኩት ለዚህ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፤ ውጤቱ ይኸው የሰው ወለል ሆነ።

ስልክ በዚህ ቤት አልተፈቀደልኝም። የእኛን ሰፈር አብዱሽኩርን ታውቂዋለሽ፤ ደማም፣ አል ባዲያ፣ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ይሠራል። በየሐሙሱ የባባን ነጭ ቀሚሶች ሊወስድና ሊመልስ ይመጣል። ደብዳቤ በእሱ በኩል ላኪ፤ ከተተኮሱት ልብሶች መሀል አድርጎ ያስገባልኛል። ለሁመይራ ጫማና ቦርሳ፣ ለአንቺ ሻሽ ልኬአለሁ።

ሸፊቃ


ሐርቡ
ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸፊቃ፣

ሰላምታችን ከሐርቡ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በር ላይ ውሻ ካልከለከለው ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ልጅሽ አነበበችልኝ። ይህንንም የምትጽፈው እሷው ናት። ጓዳዬ ውስጥ ጸሐፊ እያለ ደጅ ምን አስኬደኝ። አያ ኑህ እንደሆነ እንደኔው ፊደል አይለይም፤ ቢለይስ መቼ ይገኛል፣ ከመኪናው ጋር ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው።

ውሻው ሳሎን ይተኛል የሚለው ላይ ስትደርስ፣ እስቲ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሰማ። ያ ለሶላት ውዱኡን ሦስቴ የሚያድስ ሰው ልጁ የውሻ ሞግዚት ሆነች ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ውሻ የላሰው እጅ የላከውን ሻሽ መልበስ ይቻላል ወይ ብዬ ሸሁን አስጠየቅሁ። አጥበሽ ልበሽው አሉኝ። አጥቤ ለበስኩት፤ ያምራል።

ልጅሽ ደህና ናት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ምን እንደምትሠራ እንጃ። ሰነፍ ናት። ሌሊት ፍራሽ ታረጥባለች። ይህን ስላት እጇ ቆመ፤ ጻፊ፣ እናትሽ ትወቅልሽ አልኳት። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት ፍራሽ ታረጥባለች። ሁለቴ አስጽፌዋለሁ፣ አንዱን ፊደል አበላሽታው ነበር።

ጫማው ለእሷ ሰፋት፤ ለእህቴ ልጅ ልክክ አለ። ለሚመጣው መጋረጃ ላኪ፣ ወፍራሙን። ውሻ የሚተኛበት ሳሎን መጋረጃ ካለው፣ ሰው የሚተኛበት አያንስም።

ዓቢዳ
ጸሐፊ ሁመይራ


ኾበር
ሚያዝያ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእትዬ ዓቢዳ፣

ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለባለቤቱ፣ ለጸሐፊዋም ሰላም ይሁን። መጋረጃው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሻል።

እትዬ፣ አክብሬሽ የምነግርሽ አለ። ልጅቷን የገዛ ነውሯን አታስጽፊያት። ፍራሽ ማርጠብ ክፋት አይደለም፤ ቢሆንም እንኳ በራሷ እጅ አይጻፍም። ለደብዳቤ ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ዋጋውን እኔ እችላለሁ። ጫማውንም ለእሷ ነው የላክሁት። ስትመልሺልኝ እሺ በይኝ።

ሁመይራ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ስለሆንሽ ልንገርሽ። «ጠ»ን በሁለት እግር አቁመሻታል። ሦስት ነው። ማታ ውሃ አታብዢ።

በውሻው የሳቃችሁትን ያህል ሳቁ፤ ሌላም ልጨምርላችሁ። ሰሃን ሲልስ ሰባት ጊዜ አጥባለሁ፣ አንዱን በአፈር፣ አባቴ እንዳስተማረኝ። አፈሩን ከአበባው ማሰሮ ነበር የምዘግነው። አንድ ቀን ማዳም ደረሰችብኝ። ትቆጣለች ስል ልጆቹን ጠርታ ዙሪያዬን አቆመቻቸው፤ «ሸፊቃ ስታጥብ ቁጠሩ» አለች። ዋሒድ፣ ኢስኔን እያሉ እስከ ሰባት ቆጠሩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ «ሸፊቃ፣ አሳዪአቸው» እባላለሁ። አሳያለሁ።

ማዳም ትምህርት የማታደርገው ነገር የለም። ሊንን ሊጥ እያስከፋፈለች እኩሌታና ሩብ ታስተምራታለች። ፋሪስ ካልሲ እያጣመደ ይቆጥራል። የውሻው ምግብ በሚዛን ነው፤ እሱም ሒሳብ ነው። ሊጡን የማቦካው፣ ካልሲውን የማጥበው እኔ ብሆንም ልጆቹ በእውነት ያውቃሉ። ሁመይራም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንዲህ እንዲህ እያለች በቤት ሥራ ብትማር አይከፋም።

ሸፊቃ


ሐርቡ
ጥቅምት 18 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸፊቃ፣

ዒዱን እኛ በልተን፣ አንቺን አስበን አሳልፈነዋል፤ የሚመጣውን አብረን ያድርሰን። ወንድ ልጅ ተገላገልኩ፤ ኸጣብ ብለነዋል። ለዚህ ነው መልሱ የዘገየው።

መጋረጃው መጥቷል፣ አጠረ። የውሻ ምግብ በሚዛን የሚለውን ለሴቶቹ ደግማ እንድታነብ አደረግኋት። እኛ ሚዛን ያየነው ባለሱቁ ዘንድ ነው።

ምክርሽን ግን ተቀብለናል። ሁመይራ ቤት ትምህርት ገብታለች። አራተኛ ክፍል አላስመዘገብናትም፤ ትልልቅ ሰዎች ያልላኩትን እኛ ምን ቆርጦን እንልካለን። ጠዋት ታቦካለች፤ ዳቦውን ለስንት ሰው እንደሚዳረስ አድርጋ ትቆርሳለች፣ ያው የእኩሌታና የሩቡ ነው። የኸጣብን ጨርቅ ታጥባለች፤ ሰባት ጊዜ ባይሆን ሁለቴ። በርሜሉን ስንት ጀሪካን እንደሚሞላው ደብተር ሳትገልጥ ትነግርሻለች። ይህን ስትጽፍ ፊቷን አጥቁራለች። ማዳምሽ የልጆቿ ፊት ሲጠቁር ምን ታደርጋለች? ጻፊልኝ።

ፍራሽ ማርጠቡን ትታለች። አሁን የምትተኛው መሬት ላይ ነው።

ቴሌቪዥን ብትልኪ ለትምህርቷ ይረዳል አሉኝ።

ዓቢዳ
ጸሐፊ ሁመይራ፤ መጻፉ ራሱ ትምህርቷ ነው


ኾበር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ ዓቢዳ፣

ሰላም። ሰላምታ ከዚህ አላበዛም።

ልጄን ትምህርት ቤት መልሻት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው ያልኩት። «ስትመለስ» የሚለውን የት ጣልሽው? የዚህ ቤት ልጆች ቤት ተቀምጠው የሚማሩት እናታቸው አጠገባቸው ስላለችና ወለሉን እኔ ስለምወለውል ነው። የሁመይራን ወለል ማን ይወለውልላታል? ባለፈው ለጻፍኩልሽም አልመለስሽልኝም፤ እንዳልሰማሽ አለፍሽኝ። ካላስገባሻት ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ እጅ ክር አይመጣልሽም። በአባቴ አጥንት ይሁንብኝ፣ ክር አይመጣም።

ሁመይራ፣ ደብተርሽን አትጣይ። እዚህ የማቀዝቀዣው በር ላይ ማዳም ወረቀት ለጥፋለች፤ ልጆቹ ትምህርታቸውን ሲያውቁ የወረቀት ኮከብ ትለጥፍላቸዋለች። ሊን፣ ፋሪስ፣ ቶፊ ይላል። ውሻውም አለበት። እኔ በጆሮዬ እየለቀምኩ የፈረንጁን ፊደል እስከ መጨረሻው ስጠራ ሊን ሰማችኝና ስሜን ከቶፊ በታች ጻፈችው። አንድ ኮከብ አለኝ። ቶፊ ይበልጠኛል፤ ተቀመጥ ሲሉት ስለሚቀመጥ ነው። እኔን ተቀመጪ ያለኝ የለም።

ማዳም ደግሞ አርግዛለች። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ በአንድ ጀርባ ሆኗል።

ሸፊቃ


ሐርቡ
ሐምሌ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸፊቃ፣

ዝምታሽን ያየ ሞታለች ይላል፤ እኛ ግን በሕይወት እንዳለሽ ከአብዱሽኩር ሰምተን ሰላምታችንን ለሕያው ሰው እንደሚገባ እናቀርባለን።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ልጅቷ ትምህርት አንዳች አላልሽም። ሥራችን የልብሽን እንዳደረሰ ገባኝ፤ ደስ አለኝ። የኮከቡን ነገር ሴቶቹ እስካሁን ያወሩታል። ያንዷ ባል ሲቆጣት «ከቶፊ በታች ጻፈኝ» አለችው፤ ሰውየው ቶፊ ማን ነው ብሎ ሊገላት።

ግን ምን አጠፋን? ይኸው ስንት ጊዜ፣ ክር እንኳ አልላክሽም። እኔስ ይቅር፣ ልጅሽ ባዶ እግሯን ናት። ክረምቱ ገብቷል፤ ወንዙ ዳር ስትሄድ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው። ይህን ጻፊ ስላት «ይቅር» አለች። እንዴት ይቅር? እግርሽን አሳያት ብል ወረቀት እግር አያሳይ።

ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ አለ ብለሻል። ሁለተኛዋ ሰው እኛ ዘንድ አለች። ትንሽ ትጠንክር እንጂ፣ ዕድሜውን ፓስፖርት የሚያወጡት ሰዎች ይጨምሩላታል። አስቢበት።

ዓቢዳ
ጸሐፊ ሁመይራ


ኾበር
መስከረም 15 ቀን 2002 ዓ.ም.

እትዬ ዓቢዳ፣

ሰላም ለእናንተ። ጫማ ልኬአለሁ፣ ሁለት፤ አንዱ ለእህትሽ ልጅ ነው፣ ያንኛው ሳይነካ ለሁመይራ ይድረስ። ቴሌቪዥኑም በሚመጣው ሰው ይላካል። በአባቴ አጥንት የማልኩትን አፍርሻለሁ፤ አሸንፈሽኛል።

አንዳች አላልሽም ትዪኛለሽ። ገጹ እስኪሞላ ጽፌ። ሰው ላይ እንዲህ ይቀለዳል? ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ሞተ ሰው ታልፊኛለሽ። እሺ፣ ይሁን። ይህችን ግን ስሚ። ልጄን ወደዚህ አገር አትላኪያት። በምንም መንገድ፣ በማንም በኩል፣ በየመንም ሆነ በአውሮፕላን። እኔ እዚህ ያለሁት እሷ እንዳትመጣ ነው።

ማዳም ከሚመጣው ረመዳን በኋላ አገርሽ ገብተሽ ትመለሻለሽ ብላኛለች። ባባም እሺ ብሏል። ስመጣ ሁመይራን ይዤ ደሴ እወጣለሁ። ቤት ተከራይቼ፣ አራተኛ ክፍል አስገብቼ፣ የምትይዛት ሴት ፈልጌ እመለሳለሁ። ከትንንሾች ጋር መቀመጥ ካሳፈራት የማታ ትማር።

ሁመይራ፣ ከረመዳን በኋላ ነው።

ሸፊቃ


ኾበር
መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

እትዬ ዓቢዳ፣

ሰላም ይድረሳችሁ። እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ አልመጣም።

ረመዳን ነሐሴ ላይ ዋለ። የዚህ አገር ነሐሴ ከባሕሩ በሚነሣው እርጥበት ሰውን ይቀቅላል። ማዳም ትልልቆቹን ልጆች ይዛ ወጥታለች፤ ሕፃኗ ተኝታለች። ለዙሁር ሶላት ውዱእ አድርጌ ስቆም ቶፊ መጥቶ እግሬን ላሰ። ታጥቤ ልብስ ቀይሬ ተመለስኩ። ደግሞ መጣ። ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ወዳለችው የልብስ ማስጫ አወጣሁትና በሩን ዘጋሁ። ሰገድኩ። ጾመኛ ነኝ፣ ከሌሊቱ ሱሑር ጀምሬ አልተቀመጥኩም፤ ምንጣፉ ላይ ጎኔን አሳረፍኩ። የቀሰቀሰኝ የመኪናው ድምፅ ነው። ቶፊ በሩ ሥር ነበር። በሩን ከውጭ በኩል ቧጥጦታል።

ማዳም አልጮኸችም። አልመታችኝም። በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ ደብተር ዘረጋችና «ዛሬ ድርሰት ነው» አለች። ርእሱ ቶፊ እንዴት ሞተ የሚል ነው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ልብስ እንድተኩስ ታዘዝኩ። ሊን ጽፋ ስትጨርስ ተነሥታ አነበበች። ማዳም «ለሸፊቃ በዐረብኛ ንገሪያት፣ መተርጎምም ትምህርት ነው» አለቻት። ሊን ነገረችኝ። «ሸፊቃ ስትሰግድ ቶፊ በሩን እየቧጠጠ ነበር። ሸፊቃ አልሰማችም። አላህ ግን ሰምቷል» ይላል። ጥሩ ተጽፏል።

ማዳም «ከዐሥር ስንት ትሰጫታለሽ?» አለችኝ። የምተኩሰውን ቀሚስ ገለበጥኩ። «ስንት?» ዘጠኝ አልኩ።

«ለምን ዐሥር አልሆነም?» አለች ሊን። ልጅቷ ከልቧ ከፍቷት ነበር።

ማታ ባባ ጠርቶ «ኹሩጅ ማፊ» አለኝ። የመውጫው ፈቃድ በካፊል እጅ ነው፤ እሱ ካልፈረመ ከዚህ አገር መውጣት የለም። ቡችላ ታዟል። ደጅ መውጣት እስኪለምድ የምይዘው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ እናያለን ብሏል። ኸላስ።

ስለ ሁመይራ ያልኩት እንዳለ ነው፤ እንዳትልኪያት። ሁመይራ፣ ጠብቂ።

ሸፊቃ


ሐርቡ
ግንቦት 6 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሸፊቃ፣

ከጎደለው ቤታችን የሞላ ሰላምታ ይድረስሽ። የእጅ ጽሕፈቱ ቢለወጥብሽ አትደንግጪ። የሚጽፍልኝ ባለሱቁ በሽር ነው፤ ስኳር ካልገዛሁ አይጽፍልኝም።

ሁመይራን ሸኘናት። ደብዳቤ ሲያመላልስ የኖረው አብዱሽኩር ሰውም ያደርሳል፤ ቪዛውን ከአንድ የደማም ቤት አገኘ። እናቷ ዘንድ ይሁንላት ብዬው ነበር፤ ያንቺዋ ማዳም ሌላ ሰው አልፈልግም አለች አለኝ። ያው ደማምና ኾበር ጎረቤት ነው አሉ።

አንቺን ሳላማክር እንዳልሆነ አላህ ያውቃል። በየደብዳቤው አንስቻለሁ፤ አንድም ቀን አትላኪ ብለሽኝ አታውቂም። እንደውም ቡችላውን የሚይዝ ሰው እንዳነሰ ጽፈሻል።

ትምህርቷን ጨርሳለች። ሊጥ፣ ልብስ፣ ሕፃን፣ ሁሉን ታውቃለች፤ ቤት ትምህርት ምን ቀረው። ውሻ ብቻ ነው ያላስለመድናት፤ እሱን አንቺ ታሳይያታለሽ። ስትወጣ አላለቀሰችም። ኸጣብ ነው ያለቀሰው፤ በጀርባዋ ያደገ ልጅ ነው።

እሱን ኮምቦልቻ የግል ትምህርት ቤት አስገብተነዋል። ቤት ትምህርት ለወንድ ልጅ አይሆንም። ከእንግዲህ ከሁለታችሁም እንጠብቃለን።

ዓቢዳ
(ጸሐፊው በሽር ነኝ፤ ሰላም ብያለሁ።)


ደማም
መስከረም 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለሸፊቃ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሌላ ሰላምታ አላውቅም፤ የማውቀው የእትዬ ዓቢዳን ነው።

በአብዱሽኩር የላክሽው ደርሶኛል። በቀሚሶቹ መሀል ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሚያስጽፈኝ ስለሌለ አጭር ይሆናል።

እትዬ ዓቢዳ ለምን አንድ ቀን እንኳ እንዳልመለሰችልሽ ጠይቀሻል። አልሰማችም። ደብዳቤሽን የማነብላት እኔ ነበርኩ። ስለ ፍራሹ የጻፍሽ ጊዜ አነበብኩላትና በትር አነሣችብኝ። የተቀጣሁት አንቺ ስለተቆጣሽ ነው። ከዚያ በኋላ ቁጣሽ ያለበት ላይ ስደርስ መዝለል ጀመርኩ። የውሻውን፣ የኮከቡን፣ የሊጡን አነባለሁ፤ እነሱን ትወዳለች። ልጄን መልሻት ያልሽበትን ገጽ በሙሉ ዘለልኩት። እሷ ዝም ማለትሽን አይታ ተስማማች አለች። እኔም ተስማማች ብዬ ጻፍኩ።

ከረመዳን በኋላ እመጣለሁ ያልሽውን አልዘለልኩም። እሱን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አልመጣም ያልሽውንም እንደዚያው።

አትላኪያት የሚለውን ሁለቴ ዘልያለሁ። እሱን ፈርቼ አይደለም። መሄድ ፈልጌ ነው። ከዚያ ቤት የሚያስወጣ ሌላ በር አላየሁም። አንቺ ከቆምሽበት የተሻለ ቦታ ነው ብዬም አልነበረም፤ የምትሠሪውን ሁሉ አንብቤአለሁ።

ፊደልን በተመለከተ አትዘኚ። ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ያንቺን እያነበብኩ፣ የእሷን እየጻፍኩ ነው። «ጠ» ሦስት እግር አለው።

ሐሙስ ከአብዱሽኩር መኪና ጋር መጥቼ ልይሽ ብለሻል። አትምጪ። በፓስፖርቴ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው፤ አንቺ ሠላሳ ሁለት ነሽ። የዚህ ቤት ማዳም እናትሽ የት ናት ስትለኝ ሞታለች ብያለሁ፤ ወረቀቱ ሌላ መልስ አልሰጠኝም። መምጣት ካለብሽ እህቷ ነኝ በይ። እህት እንዳለኝ ግን አልነገርኳቸውም፤ ሙሽኪላ ይሆናል።

እዚህ ውሻ የለም። አራት ልጆች አሉ፣ አራቱም ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ዩኒፎርማቸውን ከሱብሒ ሶላት በፊት እተኩሳለሁ። ትንሿ ቦርሳዋን እስከ መኪናው ድረስ ያዥልኝ ትለኛለች፤ እይዝላታለሁ።

መልስ ከጻፍሽልኝ፣ ቁጣም ካለብሽ አስገቢው። እዚህ የምመታው በሌላ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምንም ሳልዘል አነበዋለሁ።

ሁመይራ